የሐረር ወጣቶችና የፊደል ምርጫቸው

የሐረር ተወላጆች ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የከተማ ቋንቋ» ማለት ነው። ራሳቸውንም «ጌይ ኡሱእ»፥ ይኸውም «የከተማ ሰው»፥ ብለው ይጠራሉ። በዚህ ስያሜ ውስጥ የታሪካቸው ፍሬ ነገር ይገኛል፤ ቋንቋው ተጠብቆ የኖረው በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ባሳጠሩት ግንብ ውስጥ ነውና። ከግንቡ ውጭ ባለው የእርሻ አገር ኦሮምኛ፥ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው ቆላ ሶማልኛ ይነገራል። በመስጊድ ዐረብኛ ይነበባል። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአደባባይና በጽሕፈት ቤት አማርኛ ተጨምሯል። ስለዚህ በሐረር የተወለደ ልጅ ለትምህርት ሳይደርስ ሦስት ወይም አራት ቋንቋ ቢሰማ እንግዳ ነገር አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ የሚጠቀሰው ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

ቋንቋን ልጅ ከእናቱ፥ ከጎረቤቱና ከገበያው ሳያስበው ይቀበላል። ፊደልን ግን ያለ መምህር፥ ያለ ጊዜና ያለ ድካም አያገኘውም። ስለዚህ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው በምን ፊደል እንደሚጽፍ መመርመር፥ ከየትኛው ማኅበር ጋራ ሊነጋገር እንደ ፈለገ ለማወቅ ይረዳል። ስለ ሙስሊሞች የፊደል ምርጫ ሲነገር በብዛት የሚሰሙት አስተያየቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ ሙስሊም ስለ ቁርኣን ክብር የዐረብን ፊደል ይመርጣል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ለቋንቋው ድምፅ ይበልጥ የሚስማማው ፊደል በመጨረሻ ማሸነፉ አይቀርም የሚል ነው። የሐረር ታሪክ ሲመረመር ግን ሁለቱም ጎደሎ ሆነው ይገኛሉ። በየዘመኑ የነበረው ወጣት ብዕር ሲያነሣ አስቀድሞ የጠየቀው «ይህን ማን ያነብልኛል?» ብሎ ነው። ፊደሉም የተለዋወጠው አንባቢው በተለዋወጠ መጠን ነው።

፩. በአሚሮች ዘመን

ሐረር በአሚሮች በምትተዳደርበት ዘመን የንግድም የእስልምና ትምህርትም ማእከል ነበረች። አሚሮቹ ገንዘባቸውን የቀረጹት፥ ደብዳቤያቸውንም የጻፉት በዐረብኛ ነው። ልጁ በቁርኣን ቤት «ከቢር» ከሚባለው መምህር ፊት ተቀምጦ፥ የቁርኣኑን አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፥ ሲያጠናውም እያጠበ እንደ ገና ይጽፍ ነበር። ትምህርቱ በዚህ ቢቆምም እንኳ ፊደሉ ከእጁ አይጠፋም።

በዚያ ዘመን የነበረው ወጣት እንግዲህ የፊደል ምርጫ አልነበረውም፤ የቋንቋ ምርጫ ግን ነበረው። ከሌላ አገር ሊቅ ወይም ነጋዴ ጋራ ለመጻጻፍ ዐረብኛ ያስፈልጋል። ዐረብኛ ለማያውቅ የከተማው ሰው ግን የሃይማኖቱን ሥርዓት በራሱ ቋንቋ መጻፍ ግድ ሆነ። በዐረብ ፊደል የተጻፈ ሐረሪ የተወለደው ከዚህ ነው። «ዐጀም» በዐረብኛ ዐረብ ያልሆነ ሰው ማለት ሲሆን፥ «ዐጀሚ» የሚባለውም በዐረብ ፊደል ሆኖ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ከጥንቱ ሐረሪ ጽሑፎች መካከል የአማኝን ግዴታ የሚያስተምረው «ኪታብ አል ፈራኢድ» በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ኢጣልያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1936 ስለ ሐረር ቋንቋና ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጽሑፍ ለምርምር አቅርቦታል። ከዚህም ሌላ በመውሉድ ጊዜ በኅብረት የሚዜመው «ዚክሪ» በዐጀሚ እየተጻፈ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል።

ይህ የሐረር ብቻ ልማድ አልነበረም። በወሎም እንዲሁ ሆኗል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ያረፉት ሼኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ለሕዝቡ የሚሆን ግጥም በአማርኛ ሲያዘጋጁ የተጠቀሙት በዐረብ ፊደል ነው። ቋንቋው በቤተ መንግሥት የሚነገረው ያው አማርኛ ነበር፤ ነገር ግን ግጥሙን የሚያነቡት ደረሶች ማንበብን የተማሩት በቁርኣን ቤት ስለ ሆነ ፊደሉ የእነርሱ ሆነ። አንድ ቋንቋ በሁለት ፊደል የተጻፈው ሁለት ዓይነት አንባቢ ስለ ነበረው መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

፪. ከጨለንቆ በኋላ

ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን የያዙት ግብፆች ብዙ ነገር ለውጠዋል፤ ፊደሉን ግን አልነኩትም፤ የገዢው ጽሕፈትና የተገዢው ጽሕፈት አንድ ነበርና። በ1879 ዓ.ም. አሚር ዐብዱላሂ በጨለንቆ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ድል ሲሆኑ ግን፥ የአገሩ አስተዳደር ለራስ መኰንን ተሰጥቶ የግዕዝ ፊደል ከአማርኛ ጋራ ወደ ከተማው ገባ።

ከዚያ በኋላ የተወለደ የሐረር ልጅ አንድ አዲስ ችግር አጋጠመው። አባቱ ዐዋቂ ቢሆንም፥ አቤቱታ ለማቅረብና የመሬቱን ጉዳይ ለማስረዳት ለሚጽፍለት ሰው ገንዘብ መክፈል ነበረበት። ፊደሉን ራሱ እንዳይማር ደግሞ፥ በዚያ ጊዜ የግዕዝ ፊደል በአብዛኛው የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፥ ልጅን ወደዚያ መላክ ከሃይማኖቱ እንደ መለየት ይታይ ነበር። ፊደሉን ከባድ ያደረገው የፊደሉ ቅርጽ ሳይሆን የሚሰጥበት ቤት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ፊደሉ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መሰጠት ሲጀምር ይህ እንቅፋት እየቀለለ ሄደ።

የኢጣልያ መንግሥት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን በያዘ ጊዜ ዐረብኛ በሙስሊሞች ትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገ፤ ለጥቂት ዓመታትም የቁርኣን ቤቱ ፊደል የመንግሥትም ፊደል መሰለ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ በ125ኛው አንቀጽ ደነገገ። በዚሁ በ1936 ዓ.ም. የቃዲዎች ፍርድ ቤት በአዋጅ ስለ ታወቀ፥ ለጋብቻና ለውርስ ጉዳይ የሸሪዓ ዕውቀት፥ ከእርሱም ጋራ የዐረብ ጽሕፈት፥ ዋጋውን ሳያጣ ቆየ። ስለዚህ ወጣቱ በሁለት አንባቢዎች መካከል ቆመ፤ በአንድ በኩል ጽሕፈት ቤቱ፥ በሌላ በኩል ቃዲው።

በ1940 ዓ.ም. «ኩሉብ» በተባለው እንቅስቃሴ ምክንያት ብዙ የሐረር ሰዎች ታስረው ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደደ። ይህ ስደት በፊደል ታሪክ ውስጥ ከአዋጆቹ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል። በመርካቶ ሱቅ የከፈተ አባት ልጁ የአማርኛውን ፊደል ተምሮ ሒሳብ እንዲይዝለትና ከመንግሥት ጋራ እንዲጻጻፍለት ፈለገ። አያቱ ዐጀሚ የጻፈው ልጅ፥ ሐረሪን በቤት እየተናገረ በግዕዝ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሆነ። የግዕዝ ፊደል የክርስቲያን ፊደል ነው የሚለውም አስተያየት እየላላ መጣ፤ በ1961 ዓ.ም. ቁርኣን በአማርኛ ተተርጕሞ በግዕዝ ፊደል ሲታተም፥ የፊደሉ አንባቢዎች መካከል እጅግ ብዙ ሙስሊሞች እንዳሉ ግልጽ ሆኖ ነበርና።

፫. የድምፅ ተስማሚነት ምን ያህል ይወስናል?

አንዳንድ ሊቃውንት ዐጀሚ የተተወው ለሐረሪ ድምፅ ስለማይመች ነው ይላሉ። በዚህ አሳብ ውስጥ እውነት አለ። ሐረሪ ከሴም ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፥ እንደ አማርኛው ሁሉ ቸ፥ ኘና ጨ አሉት፤ ዐረብኛ ግን ለእነዚህ የተለየ ፊደል የለውም። ጸሐፊው ወይ ተቀራራቢውን ፊደል ይዋሳል፥ ወይ ነጥብ ይጨምራል። የዐረብኛ አናባቢ ምልክቶችም ሦስት ብቻ ስለ ሆኑ፥ «ኡ» እና «ኦ»፥ «ኢ» እና «ኤ» በቀላሉ አይለዩም። የግዕዝ ፊደል እነዚህን ሁሉ ይለያል። በአማርኛ አነጋገር ከሀ ጋራ አንድ ሆኖ የቀረው ሐ እንኳ፥ የሐን ድምፅ ከጉሮሮ አጥብቆ በሚናገረው በሐረሪ ዘንድ የጥንት ተግባሩን ሊያገኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ የዐጀሚ ጸሐፊዎች ያገኙት ጥቅምም ነበር። ዐረብኛ ድምፅ ሲጠብቅ «ሸዳ» በሚባለው ምልክት ያመለክታል፤ የግዕዝ ፊደል ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ አንባቢው ከንባቡ ስሜት ይረዳዋል እንጂ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐረሪ በዐጀሚ ሲጻፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው ከነጉድለቱ ነው። ድምፅን አለመስማማቱ ፊደሉን የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ፥ ገና ከጅምሩ በተጣለ ነበር። ጉድለቱ ሁልጊዜም ነበረ፤ አዲስ የሆነው የአንባቢው መለወጥ ነው።

፬. የጎረቤቶች ምሳሌና የ1984 ዓ.ም. ምርጫ

የሐረርን ምርጫ በትክክል ለመመዘን በዙሪያው ያሉትን ሙስሊሞች ማየት ይጠቅማል። በሐረርጌ ኦሮሞዎች ዘንድ ሼኽ በክሪ ሳጳሎ የታወቁ ሊቅና ባለ ቅኔ ነበሩ። ዐረብኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሲሆኑ፥ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለኦሮምኛ የሚሆን ፊደል የሠሩት ግን ከዐረብኛም ከግዕዝም ከላቲንም ሳይወስዱ ነው። ደቀ መዛሙርትም አገኙ። መንግሥት ግን ነገሩን በጥርጣሬ ስላየው ከድሬዳዋ እንዳይወጡ ተደረገ፤ በ1970 ዓ.ም. ወደ ሶማልያ ተሰደው በ1972 ዓ.ም. በስደት አረፉ። ፊደላቸው ለኦሮምኛ ድምፅ ተስማሚ ነበር፤ ሃይማኖታቸውም ከጥርጣሬ በላይ ነበር። ሆኖም የሚያትመው ማተሚያ ቤት፥ የሚያስተምረው ትምህርት ቤትና የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት ስላልነበረ አንባቢው ከጥቂት መንደሮች አልወጣም።

በሶማልያም ክርክሩ ረጅም ነበር። የዐረብን ፊደል የሚደግፉ ወገኖች የላቲንን ስም በቃላት ጨዋታ ለውጠው «ላ ዲን»፥ ማለት «ሃይማኖት የለም»፥ እያሉ ይነቅፉት ነበር። መንግሥቱ ግን በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ሶማልኛ በላቲን እንዲጻፍ አወጀ፤ ሕዝቡ ሙስሊም ሆኖ ሳለም ወጣቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቀበለው። በኢትዮጵያ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛና ሶማልኛ በግዕዝ ፊደል ሲሰጡ ቆይተው ነበር፤ በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ግን ኦሮምኛ «ቁቤ» በሚባለው የላቲን ጽሕፈት እንዲጻፍ ተወሰነ። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፥ ኦሮምኛ አጭርና ረጅም የሆኑ ዐሥር አናባቢዎች ስላሉት በሰባቱ የግዕዝ ረድፎች ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ከድምፁ ምክንያት ጋራ ግን ከቀድሞው አስተዳደር ፊደል የመለየት ፈቃድ እንደ ነበረበት ማንም አይስተውም።

የሐረር ሰዎች በዚያው ወራት ምርጫ ሲቀርብላቸው ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው የግዕዝን ፊደል ለቋንቋቸው ወሰዱ። ይህን ለሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቅ ይመስላል፤ ከኦሮሞ ይልቅ ከዐረብ ጽሕፈት ጋራ ረጅም ታሪክ የነበራቸው፥ በ1879 ዓ.ም. ነጻነታቸውን ያጡት እነርሱ ናቸውና። ነገር ግን ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሐረሪዎች በቍጥር ጥቂት ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በሐረሪ ክልል ከተገኘው 183,415 ሰው መካከል ከመቶ 9 አይሞሉም ነበር። ብዙዎቹም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በአማርኛ ተምረው ያደጉ ናቸው። መጽሐፍ ቢታተም በማግስቱ ሊያነቡት የሚችሉት በግዕዝ ፊደል ብቻ ነበር። ጥቂት ሕዝብ አዲስ አንባቢ እስኪያሳድግ ድረስ ለመጠበቅ አቅም የለውም፤ ያለውን አንባቢ መያዝ ግድ ይሆንበታል።

፭. የዛሬው ወጣትና ሦስቱ ፊደላት

ከዚህ የተነሣ ዛሬ በሐረር የሚኖር ወጣት በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ፊደላትን ሊጠቀም ይችላል። ቁርኣን ሲቀራ በዐረብ ፊደል ነው። በክልሉ የሥራ ቋንቋ ከሆኑት ከሁለቱ፥ ሐረሪን በግዕዝ፥ ኦሮምኛን በላቲን ያገኛቸዋል። አማርኛ በግዕዝ፥ እንግሊዝኛም በላቲን ይጨመራሉ። ወጣቱ ሦስቱን አያምታታም፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ሰው አለውና።

የእጅ ስልክ ግን ይህን ድልድል በጥቂቱ አናግቶታል። በመጀመሪያ የገቡት ስልኮች የግዕዝን ፊደል ስለማይጽፉ፥ አማርኛም ሐረሪም በላቲን እየተጻፈ መላክ ተለመደ። የግዕዝ ፊደል በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት፥ በዩኒኮድ፥ ውስጥ ገብቶ ኋላም በስልኮች ላይ ቢገኝም፥ የተለመደው ልማድ በአንድ ጊዜ አልተወገደም። በቶሮንቶ፥ በዋሽንግተን፥ በሜልቦርንና በሌሎች የውጭ አገር ከተሞች የተወለዱት የሐረሪ ልጆች ደግሞ ችግራቸው ከስልኩ የጠለቀ ነው። ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ሰምተዋል፤ የግዕዝን ፊደል ግን በሚማሩበት ትምህርት ቤት አያገኙትም። ስለዚህ ለአያታቸው ወይም ለአጎታቸው ልጅ በሐረሪ ሲጽፉ በላቲን ይጽፋሉ። ይህ ጽሕፈት የተደነገገ ሥርዓት ስለሌለው አንዱ ቃል በሁለት ጸሐፊዎች ዘንድ ሁለት መልክ ይይዛል፤ ሆኖም የሚጻጻፉት የሚተዋወቁ ሰዎች ስለ ሆኑ ይግባባሉ።

በዐጀሚ መጀመሪያ ዘመን የነበረው ወጣትም ከዚህ የተለየ አላደረገም። እርሱም ለሌላ ቋንቋ የተሠራውን ፊደል ወስዶ፥ የጎደለውን በራሱ ብልሃት እየሞላ፥ ለሚያውቀው ሰው ጽፏል። በስልክ የሚጽፈውን ወጣት ቋንቋ አበላሸ ብሎ መንቀፍ የአያቶቹን ሥራ እንደ መንቀፍ ነው።

፮. በምርጫው የተገኘውና የቀረው

ፊደል በተለወጠ ቍጥር ወጣቱ አዲስ አንባቢ አግኝቷል። በግዕዝ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤትና በመላ አገሩ ከተበተነው ወገኑ ጋራ ተነጋገረ፤ በላቲን ባሕር ማዶ ካለው ዘመዱ ጋራ ተገናኘ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ወገን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እርሱም የሞተው ጸሐፊ ነው። የቀድሞ ሊቃውንት የጻፏቸው የዐጀሚ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በሐረር በሸሪፍ ሙዚየምና በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ፤ ሌሎቹም በየቤቱ እንደ ቅርስ ተጠብቀው አሉ። መጽሐፉ በክብር ይያዛል፤ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የያዘው ወጣት ግን የዐረብ ፊደል ስላየበት ዐረብኛ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ በአፉ የሚናገረው የራሱ ቋንቋ መሆኑን ሳያውቅ።

እዚህ ላይ የሐረር ሁኔታ ከብዙ ሌሎች አገሮች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ጽሕፈታቸውን በለወጡ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የጥንቱ ፊደል ከወጣቱ እጅ ጨርሶ ወጥቷል። የሐረር ወጣት ግን የዐረብን ፊደል ዛሬም በቁርኣን ቤት ይማረዋል፤ ሐረሪንም በቤቱ ይናገረዋል። የመጽሐፉን በር የሚከፍቱት ሁለቱ ነገሮች ሁለቱም በእጁ ናቸው፤ የጎደለው አንዱን ከሌላው ጋራ የሚያገናኝለት ትምህርት ብቻ ነው። በእርግጥ የጥንቱ ሐረሪ ቃላት ከዛሬው በብዙ ይለያሉ፤ የጸሐፊዎቹም የነጥብና የአናባቢ አጠቃቀም አንድ ዓይነት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ችግር ለአንድ እንግዳ ሊቅ ከሚሆንበት ይልቅ ለቋንቋው ልጅ የቀለለ ነው።

ስለዚህ በሐረሪ ትምህርት ውስጥ የዐጀሚ ንባብ ጥቂት ስፍራ ቢሰጠው፥ የግዕዙን ጽሕፈት የሚቃወም ሥራ አይሆንም። ዐጀሚን የዛሬ ጽሕፈት አድርጎ መመለስ አያስፈልግም፤ የዛሬ አንባቢዎች በግዕዝ ተሰብስበዋልና። የሚያስፈልገው ማንበቡ ነው። ለመጻፍ የሚመረጥ ፊደል ወደ ፊት ላለው አንባቢ ይሆናል፤ ለማንበብ የሚጠበቅ ፊደል ደግሞ ወደ ኋላ ያለውን ጸሐፊ ይሰማል። በሦስት ፊደላት መካከል ሳይደናገር የሚመላለስ ወጣት ይህን አራተኛ ሥራ ቢጨምር አይከብደውም። ሥራው ግን ጊዜ አለው፤ ዐጀሚን በልማድ የሚያነቡት ከቢሮች ካለፉ በኋላ፥ መጽሐፉና ቋንቋው በአንድ ቤት እያሉ የሚያስተዋውቃቸው ሰው ይጠፋል።